ሁለት ወንበር ወይስ አምስት?

የእህቴ ልጅ ከቨርጂንያ ደወለልኝ። እንደ ወትሮው የአያቱን ጤና፣ የሠፈሩን ሰላም፣ የኑሮውን ውድነት አንድ በአንድ ከጠየቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር፤ ለእማዬ ግን እንዳይነግሩብኝ» አለኝ። ልቤ ድንግጥ አለ። በእኛ ቤተሰብ ከእናት የሚደበቅ ነገር ወይ ፍቅር ነው ወይ ዕዳ። ለካ ሁለቱም ኖሯል። ልጁ መኪና ሊገዛ ነው፤ ያውም ትንሽ፣ ፈጣን፣ «ስፖርት» የምትባል መኪና። ሁለት ያገለገሉ መኪኖች አይቷል፤ ሁለቱም የ2019 ሥሪት ናቸው። አንዷ ጎልፍ ጂቲአይ ናት። ሌላዋ ደግሞ አሜሪካኖቹ ሚያታ፣ አብዛኛው የቀረው ዓለም ኤምኤክስ-5 የሚላት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የማዝዳ ሥራ ናት። እናቱ በበኩሏ፣ «ኮሮላ ግዛ፣ አርፈህ ሥራህን ሥራ» ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። «እርስዎ ቢሆኑ የትኛዋን ይገዙ ነበር?» አለኝ።

«ላስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሳስብበት ግን ነገሩ ከልጁ መኪና አለፈና ወደ ራሴ ሥራ መጣ። ስለ ልብ ወለድና ስለ ቴአትር ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ስለ መኪና መጻፍ ከደረጃ መውረድ የሚመስላቸው ወዳጆች እንዳሉኝም አውቃለሁ። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። መኪና ሲሠራ አንድ ሰው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር መርጧል። ለምርጫው ምክንያት ነበረው፤ ወይም አልነበረውም። ምርጫ ባለበት ሁሉ ሂስ ቦታ አለው። በተለይ ትንሿ ስፖርት መኪና ብዙ ነገር በጠባብ ቦታና በተወሰነ ገንዘብ ውስጥ እንዲገባ የምታስገድድ ስለሆነች፣ ከመኪና ሁሉ ይልቅ ለሐያሲ የምትመች እሷ ናት። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የዘሯን ምንጭ እንይ። በ1956 የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ እንግሊዝ አገር ነዳጅ በራሽን ሆነ። ብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን የሚባለው ኩባንያም አሌክ ኢሲጎኒስን ነዳጅ የማትጠጣ ትንሽ መኪና ንደፍልን አለው። በ1959 የወጣችው ሚኒ ርዝመቷ ከሦስት ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ሞተሯ 848 ሲሲ ብቻ ነው። ኢሲጎኒስ ሞተሩን አግድም አስተኛው፤ ካምቢዮውን ከሥሩ ከዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ከተተው፤ ጎማዎቹን ወደ 10 ኢንች አሳንሶ ወደ አራቱ ማዕዘን ገፋቸው። ይህን ሁሉ ያደረገው ለእሽቅድምድም ብሎ አይደለም። አራት ሰው ከነዕቃው እንዲቀመጥ ብሎ ነው። ዳሩ ግን ክብደቷ ቀላል የሆነ፣ ጎማዎቿም በአራቱ ማዕዘን የተተከሉ መኪና ኩርባ ላይ ምን እንደምትሆን፣ ጆን ኩፐር የተባለው የውድድር መኪና ሠሪ ወዲያው ገባው። በ1961 ሚኒ ኩፐር 55 የፈረስ ጉልበት ይዛ ወጣች። በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈች። በ1966ም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተከታትለው የገቡት ሚኒዎች ነበሩ፤ ዳኞቹ «የፊት መብራታችሁ ደንቡን አያሟላም» ብለው ሰረዟቸው እንጂ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ስለ ስፖርት መኪና ሲወራ ፍጥነትና ጠቃሚነት በሚዛን ሁለት ጫፍ ተቀምጠው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ተደርጎ ነው የሚነገረው። የሚኒ ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። ለቤተሰብ ቦታ ለማትረፍ የተሰመረው መስመር ራሱ ለፍጥነቱም ሆነ። ጠቃሚነቷ ነው ፍጥነቷን የወለደው።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድም አያስፈልግ። ዕድሜ የፈቀደለት የአዲስ አበባ ሰው ሰይቼንቶን ያስታውሳል፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያገለገለችውን ፊያት 600። በ1955 ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ ነበር፤ እሱም ከኋላ። ካርሎ አባርት ቱሪን ላይ ያንኑ አካል ወስዶ፣ ሞተሩን እያሳደገ እያሳደገ ለውድድር አበቃው። በጣም የጋለው ሞተር እንዲተነፍስም የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ በድጋፍ አቁሞ ነበር የሚያስሮጠው። እኛ ጉልበታችንን ደረታችን ላይ አጥፈን የተሳፈርንባት መኪና እኅቷ ጣሊያን አገር ዋንጫ ትለቅም ነበር ማለት ነው።

የልጁ የመጀመሪያ ምርጫ የሆነችው ጂቲአይ የዚሁ ሐሳብ ልጅ ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቮልስዋገን ተጨንቆ ነበር። እኛ ቮልስ እያልን የምንጠራት መኪና አርጅታለች፤ በአውሮፓ ገበያዋ ቀዝቅዟል። በ1974 ጆርጄቶ ጁጃሮ የነደፋት ጎልፍ ተተካች፤ ሣጥን መሳይ፣ ቁጥብ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት የቤት መኪና። ጥቂት የኩባንያው ሰዎች ደግሞ በይፋ ሳይታዘዙ፣ «ይህቺን የቤት መኪና ብናስሮጣትስ?» ብለው እርስ በርሳቸው መከሩ። በ1975 በፍራንክፈርት አውደ ርእይ አሳዩዋት፤ በ1976 ለገበያ ቀረበች። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 110፣ ክብደቷ 810 ኪሎ። ኩባንያው 5,000 ብንሸጥ ይበቃናል ብሎ ነበር፤ የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ460 ሺህ በላይ ተሸጠ።

ያቺን የመጀመሪያዋን ጂቲአይ ደጋግሜ አስባታለሁ። ከተራዋ ጎልፍ የሚለያት በዓይን የሚታይ ነገር በጣት የሚቆጠር ነው፤ ፊቷን የከበበ ቀጭን ቀይ መስመር፣ ጥቁር የጎማ ክፈፍ፣ መለያ ጽሑፍ። ውስጧ ስትገባ ባለ መደቡ የወንበር ጨርቅና የጎልፍ ኳስ የመሰለው የማርሽ እጀታ ይቀበሉሃል፤ ሁለቱም ጉንሂልድ ሊልየክቪስት የተባለች ዲዛይነር ያመጣቻቸው ናቸው። ሌላ ጌጥ የለም። ጎረቤት ሲያያት ልጅ ማመላለሻ ናት፤ ባለቤቷ ሲነዳት ሌላ ናት። በእኛ አገር ቅኔ የቆጠረ ሰው ይህን ሥራ ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። ሰሙ የቤት መኪና ነው፤ ወርቁ ኮፈኑ ሥር ነው። ቅኔው የሚያምረውም ሰሙ ራሱን ችሎ ሲቆም ነው፤ ወርቁ ባይገባህ እንኳ ሰሙ ትርጉም ሊሰጥህ ይገባል። ጂቲአይ ሞተሯን ረስተህ ሽንኩርትና ድንች ብትጭንባት ቅር አይላትም።

ይህ ሚዛን ሲጎድል ምን እንደሚሆን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እኔም በልጁ ዕድሜ ሳለሁ ደህናዋን ቮልሴን ሸጬ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ለአገጭ የቀረበ አንዲት «ስፖርት» መኪና ገዛሁ። የሠሪዋንም የሻጯንም ስም አላነሣም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል የከተማው ንጉሥ ነበርሁ። ከዚያ ክረምት ገባ። ሆዷ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም ነበርና ጉድጓዱ ሁሉ ያውቃት ጀመር። ጎማዋ ሲፈነዳ ጎሚስታው መጠኑን አይቶ ሳቀ፤ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አያውቅም። ፍሪሲዮኗ ሲያልቅ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ አምስት ወር ጋራዥ ተቀመጠች። በዚያ መሐል ግን የማልረሳው አንድ ቀን አለ። እናቴን ሐኪም ቤት አድርሼ ስመልሳት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ከዚያ ዝቅ ካለው ወንበር መነሣት አቃታት። ሁለት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ይዘው አወጧት። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ልጄ፣ ይህ መኪና ነው ጉድጓድ?» አለችኝ። ያቺን መኪና በዓመቱ በግማሽ ዋጋ ሸጥኋት።

ወደ ጂቲአይ ልመለስና፣ ዘመን ያመጣባትን ነገር ሳልናገር ባልፍ ሂሴ ጎዶሎ ይሆናል። 810 ኪሎ የነበረችው መኪና በልጁ ሥሪት ወደ 1,400 ኪሎ ደርሳለች። ከፊሉ ክብደት ተገቢ ነው። የአየር ከረጢቱ፣ በግጭት ጊዜ የሚታጠፈው አካል፣ የማይንሸራተተው ፍሬን የሰው ነፍስ አድነዋል፤ በ1976ቷ መኪና አደጋ ይድረስብኝ የሚል ሰው የለም። የቀረው ግን ስፋት፣ ምቾት፣ ስክሪንና የኤሌክትሪክ መቀመጫ ነው። ይህን ሁሉ ለመጎተት ሞተሩ በቱርቦ ታግዞ ወደ 228 የፈረስ ጉልበት አደገ። የልጁ ሚያታ ደግሞ 181 የፈረስ ጉልበትና ወደ 1,060 ኪሎ አላት። አካፍሎ ማየት ነው፤ ሁለቱም በእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ወደ 6 ኪሎ ይሸከማሉ። ከጂቲአይዋ ጉልበት ወደ 50 የሚጠጋው የራሷን ትርፍ ሥጋ ለመሸከም የተመደበ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ቮልስዋገን ከ2021 ሥሪት በኋላ ተራዋን ጎልፍ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ አቁሞ፣ ጂቲአይዋንና ከእሷ የበረታችውን ብቻ አስቀረ። በ2025 ሥሪት ደግሞ በእጅ የሚቀየረውን ማርሽ ከጂቲአይ ላይ አነሣ። የመጀመሪያው ነገር ከሁለተኛው ይልቅ ያሳዝነኛል። ተራዋ ጎልፍ በሌለችበት መንገድ ላይ ጂቲአይ ምንን ትሰውራለች? ሰሙ ጠፍቶ ወርቁ ብቻውን ቀርቷል፤ እንዲህ ያለ ቅኔ ደግሞ ቅኔ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ልጁ ያያት የ2019 ሥሪት ከዚህ ሁሉ በፊት የወጣች ናት፤ ባለ እጅ ማርሽም ናት። ዕድለኛ ነው።

ሁለተኛዋ መኪና የመጣችው ከሌላ መንገድ ነው። ማዝዳ በ1989 በቺካጎ አውደ ርእይ ኤምኤክስ-5ን ሲያወጣ፣ ባለ ሁለት ወንበር ክፍት መኪና የሞተ ዘር መስሎ ነበር። እንግሊዞቹ የሠሯቸው እነዚያ ውብ ነገሮች ዘይት እያንጠባጠቡ፣ ዝናብ እያስገቡ ከገበያ ወጥተዋል። ሐሳቡን ለጃፓኖቹ ያነሣው ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ቀድሞ የመኪና ጋዜጠኛ የነበረ ሰው። (ሐያሲ ጥሩ ሥራ ያስወልዳል ሲባል ለሚጠራጠሩ ይኸው ምስክር።) መሐንዲሶቹን የመራው ቶሺሂኮ ሂራይ ነበር። ሥራውን በአንድ የጃፓን አባባል ገዙት፤ ትርጉሙ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረሱ ስም ለሚጠራ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያሻም። ታላቁ ሰው ከፈረሱ ተለይቶ ስም የለውም ነበር።

የኤምኤክስ-5 ምስጢር የሌላት ነገር ነው። የኋላ ወንበር የለም፤ ቱርቦ የለም፤ ትርፍ ክብደት የለም። ሞተሩ ከፊት፣ ገፊው ጎማ ከኋላ፤ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ተከፍሏል። ማርሹ አጭርና ጥብቅ ነው፤ ሲገባ በመዳፍህ ይሰማሃል። ከ1989 እስከ 2016 ባለው ጊዜ አንድ ሚሊዮን ተሠርታለች፤ ለባለ ሁለት ወንበር መኪና የማይታመን ቁጥር ነው። ከሁሉም የማደንቀው ግን በ2015 የመጣውን አራተኛ ትውልድ ነው። ዓለም ሁሉ እየወፈረ ሳለ፣ እነዚህ ሰዎች ከቀዳሚው ትውልድ ኪሎ ቀንሰው መጡ። ሦስተኛ ድርሳኑን አሳጥሮ የጻፈ ደራሲ ስንት አይታችኋል?

በፍጥነት ጉዳይ ላይ ልጁ በቁጥር ተወስዷል። በስንት ሰከንድ መቶ ትገባለች፣ ከፍተኛ ፍጥነቷ ስንት ነው ይለኛል። እነዚህ ቁጥሮች በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ያምራሉ፤ በመንገድ ላይ ግን የሚያገኛቸው የለም። አንደኛ ነገር ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል እዚህ ይጥላል። የሚያታዋ 181 ፈረስ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ወደ 140 ይወርዳል። ቱርቦው አየሩን በግድ እየጨመቀ ስለሚያስገባ ጂቲአይዋ ይህን ያህል አትጎዳም። ልጁ ያለበት ቨርጂንያ ለባሕር ወለል የቀረበ ነውና ይህ ጭንቀት የለበትም። ሁለተኛውና ትልቁ ነገር ግን፣ በፈጣን መኪና የሚገኘው ደስታ ከሕግ በታች ባለው ፍጥነት ውስጥ ካልተገኘ ከፖሊስና ከሐኪም ጋር ከመተዋወቅ በቀር ትርፍ የለውም። ጂቲአይ ጉልበቷን ለማውጣት ሰፊ መንገድ ትፈልጋለች። ሚያታ በ50 ኪሎ ሜትር ኩርባ ስትገባ የሆነችውን ሁሉ ትነግርሃለች። በዚህ ሚዛን ሚያታ የተሻለች ሥራ ናት፤ ይህን ሳላቅማማ እፈርዳለሁ።

እኔ ራሴ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ ልግባ ብል አይቻለኝም። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን እንደ ዕድሜው እስከ 500 በመቶ ቀረጠው፤ በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ጎዳናው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ከፍታ አያውቃቸውም፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ድምፅ ሳያሰሙ ይወረወራሉ። ግን ብዙዎቹ ከባድ ናቸው፤ ከተማችን ውስጥ ብዙ የምናያት አይዲ-4 ሁለት ቶን ታልፋለች። ቀላልና ርካሽ፣ ኩርባ የምትወድ የኤሌክትሪክ መኪና ማን እንደሚሠራልን ለማየት ጓጉቻለሁ። ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ልጁ የመኪናዋን ዋጋ ያውቃል፤ የመያዟን ዋጋ ግን አላሰበውም። ሻጩ፣ «ለ72 ወር ብድር እንሰጥሃለን፣ አይከብድህም» ብሎታል። በ9 በመቶ ወለድ 25,000 ዶላር ተበድሮ በ72 ወር የሚከፍል ሰው በወር ወደ 450 ዶላር ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ ከ32,000 በላይ ከፍሏል። ከ7,000 በላይ የሆነው ትርፍ ለመኪና ሳይሆን ለትዕግሥት ማጣት የተከፈለ ነው። ኢንሹራንሱ በላዩ አለ። ለወጣት ነጂ ስፖርት መኪና ስትሆን ክፍያው እንዴት እንደሚወጣ ታሪክ መስክሯል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ አገር ውስጥ እነዚህን ትንንሽ ፈጣን መኪኖች ሌባና ጎረምሳ ስለተረባረበባቸው ኢንሹራንሳቸው ሰማይ ወጥቶ፣ ዘሩ ለጥቂት ዓመት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሰፋፊ ጎማውም ቶሎ ያልቃል፤ ዋጋውም የኮሮላን ጎማ አይመስልም። ልጁ ደግሞ ወር በገባ ቁጥር ለአያቱ መድኃኒት የሚልክ ልጅ ነው። ይህን እሱ አላነሣውም። እኔ ግን የምቀበለው እኔ ነኝና አውቀዋለሁ። ሒሳቡን ስሠራ ያቺ ገንዘብ ከየትኛው መስመር ልትወጣ እንደምትችል ታይቶኛል።

እዚህ ላይ ለእህቴም ልቁምላት። «ኮሮላ ግዛ» ስትል ጣዕም ስለሌላት አይደለም። እሷ መኪናን የምታየው በውስጡ በሚቀመጠው ሰው ነው። ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ሦስት ሴቶች ታደርሳለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አራት። ከአዲስ አበባ ዘመድ በመጣ ቁጥር ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ልጇ ነው፤ የሚመጣው ዘመድ ደግሞ ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይዞ ነው፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። የሚያታ ዕቃ መጫኛ 130 ሊትር ይይዛል። ከሁለቱ ሻንጣ አንዱ እንኳ አይገባም፤ ቢገባ ዘመዱ በእግሩ ሊመጣ ነው። የጂቲአይዋ 380 ሊትር ይይዛል፤ የኋላው ወንበር ሲታጠፍማ ፍሪጅ ትጭናለች። ባለ ሁለት ወንበር መኪና በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ መኪና ብቻ አይደለችም። «እኔን አትጥሩኝ» የምትል ማስታወቂያ ናት። ልጁ ይህን የሚለው አውቆ ከሆነ መብቱ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሁለት ሥራ በኋላ ብቻውን መሆን ሊያምረው ይችላል። ሳያውቅ ከሆነ ግን የሚከፍለው በገንዘብ አይደለም።

ይህን ሁሉ አሰባስቤ ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ ረጅም ደብዳቤ። ሚያታዋ የበለጠች ሥራ መሆኗን አልሸሸግሁትም። «ግን» አልሁት፣ «ላንተ ጂቲአይዋን እመርጥልሃለሁ፤ ያውም በሁኔታ። ማርሿ የእጅ ትሁን። ዋጋዋን በ36 ወር መክፈል ካልቻልህ ተዋት፤ ከዚያ በላይ የምትወስደው ጊዜ አቅምህ እንዳልደረሰ ይነግርሃል። ከመፈረምህ በፊት ከሻጩ ጋር ያልተዋወቀ መካኒክ ይያት። አያትህን የማያስነሣ ወንበር ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።» ኮሮላ አትግዛ አላልሁትም። ኮሮላ የሚገዛ ሰው ምክር አይጠይቅም።

መልሱ ዘገየ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደውል ድምፁ ሌላ ነበር። ምክሬን ከማንበቡ በፊት ወይ ከዚያ በኋላ አላውቅም፣ አንዲት ሚያታ ለአንድ ቅዳሜ ተከራይቶ እናቱን በጎኑ አስቀምጦ ሸናንዶዋ ተራራ ላይ ይዟት ወጥቷል። እዚያ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል፣ በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚጠማዘዝ መንገድ አለ፤ የተፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል ብቻ ነው፤ 56 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቅጠሉ ቀልቷል። እህቴ ነጠላዋን አገጯ ሥር አጥብቃ አስራ፣ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት «ቀስ በል» ከማለት በቀር አልተናገረችም። ከዚያ ዝም አለች። ልጁ ፍርሃት መስሎት ሲያያት ወደ ላይ፣ ወደ ዛፉና ወደ ሰማዩ እያየች ነው። «ታንቀጠቅጣለች እንጂ ደስ ትላለች» አለችው። መቼም እህቴን አውቃታለሁ፤ ይህ ከእሷ አፍ ሲወጣ ትልቅ ምስክርነት ነው። መኪናዋ ቤት ስትደርስ የልጇን እጅ ይዛ ብድግ አለች፤ ጎረቤት መጥራት አላስፈለገም። ወዲያው ግን በመስኮቱ ወደ ውስጥ አጎንብሳ፣ «እነ እትዬ የት ነው የሚቀመጡት?» ብላ ጠየቀች።

ሰኞ ዕለት ጂቲአይዋን በመካኒክ ለማሳየት ቀጠሮ ይዟል። እናቱም አብሬህ እሄዳለሁ ብላዋለች፤ የኋላውን ወንበር ልትሞክረው።